ማሩ ውስጥ የነበረው

ሉድቪክ ሜርሃር በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው፣ ዓይኖቹ ተከድነው ነበር የተገኘው። ከሩቅ ላየው ሰው ከሥራ አረፍ ብሎ ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ኢንስፔክተር ሮዛሊያ ፖጎሬልጽ ግን ከኮቼቪየ ከተማ ድረስ የተጠራችው የተኛ ሰው ልታይ አልነበረም። የተቆረጡ ግንዶች ከተከመሩበት የጫካው ጠርዝ ላይ ቆማ፣ በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መነጽር ዓይኗ ላይ ሰካችና ሬሳውን አየችው።

ግንባሩ ተልጧል። ቁስሉ ውስጥ አፈርና የመጋዝ ብናኝ ገብቷል፤ የአፍንጫው ጫፍም እንዲሁ ቆሽሿል። ሮዛሊያ ተንበርክካ ሸሚዙን ዳሰሰች። ደረቱ በኩል እርጥበት አለው፣ የሣር እድፍም ይዟል። እጇን ወደ ጀርባው ሰደደች፤ ደረቅ ነው።

«ይህ ሰው የወደቀው በግንባሩ ነው» አለች አጠገቧ ለቆመው ፖሊስ። «ጤዛው ሳይረግፍ፣ በማለዳ። ፀሐይ ሣሩን ካደረቀች በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ገለበጠው፤ ዓይኑንም ከደነለት።»

ፖሊሱ ያገኘው ወንድሙ ጺሪል መሆኑን፣ እሱም እጄን አላስነካሁም ብሎ መማሉን ነገራት። ከሬሳው አጠገብ አንድ የማር ብልቃጥ ክዳኑ እንደተገጠመ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክዳኑ ላይ ማንኪያ ተቀምጧል። ሮዛሊያ ብልቃጡን በጓንት ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። የሰኔ ማር እንዲህ አይደፈርስም። ውስጡ ያልሟሟ ቢጫ ነገር እንደ ጭስ ተጠማዞ ይታያል።

«መርዝ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ሊሆን ይችላል» አለች። ነገር ግን ማንኪያው ንጹሕ ነበር፤ የሟቹም ከንፈር ላይ ማር አልነበረም።

የሉድቪክ ጃኬት ጉቶ ላይ ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ ቢላዋ፣ ክብሪትና የታጠፈ መሐረብ አገኘች። መሐረቡ ተፈትቶ ሲታይ መሐሉ ላይ አንዲት የመድኃኒት እንክብል አለች። ተከፍታ እንደገና የተገጠመች መሆኗ ያስታውቃል። ሮዛሊያ በጥንቃቄ ስትለያያት ነጭ ዱቄት መዳፏ ላይ ፈሰሰ። አሸተተችው። የወጥ ቤት ሽታ ነበረው።

የሜርሃር ቤት ከጫካው በታች፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ነው። የሟቹ ሚስት ቲልካ ወጥ ቤት ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እንባ የላትም። ከሰውነቷ ውስጥ አንድ ነገር ነቅለው የወሰዱባት ትመስላለች። ሮዛሊያ ስትጠይቃት በአጭር በአጭሩ መለሰች። ባሏ ሲነጋጋ ተነስቶ ሄደ። እሷ ከቤት አልወጣችም። ጠላት የለውም፤ ከወንድሙ ጋር ይጨቃጨቃሉ እንጂ። በግንቦት መጨረሻ መዥገር ነክሶት ሐኪም እንክብል ሰጥታው ነበር፤ ጨርሶታል።

«መድኃኒቱን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«እኔ። እሱማ የራሱን ካልሲ እንኳ የት እንዳለ አያውቅም ነበር።»

ይህን ብላ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አቃናች።

ልጅቷ ኔዣ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በከዘራ ትደገፋለች፤ ግራ እግሯ መሬቱን እየፈተሸች እንደምትሄድ ትጎተታለች። ሮዛሊያ ብቻዋን ልታናግራት ስለፈለገች ወደ ጓሮ ይዛት ወጣች። ልጅቷ ሳትጠየቅ የእግሯን ነገር አወራች፤ ሰው ሁሉ መጠየቅ ፈልጎ ስለሚያፍር አስቀድሞ መናገር ለምዶባታል። ከሁለት ክረምት በፊት መዥገር ነክሷት ነበር። ጭኗ ላይ ቀይ ክብ ወጣ፤ አላመማትም፤ ተወችው። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ጀርባዋን እንደ እሳት ይፈጃት ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር። ቀስ በቀስ እግሯ ከዳት።

«አባቴ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ነው አለ። ‹በዚህ ጫካ ኖሮ መዥገር ያልነከሰው ማን አለና ነው ለመዥገር ተብሎ ሐኪም ቤት የሚኬደው?› አለ። እናቴ ለመነችው። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ነው የሄድነው።»

«ከዚያስ?»

«መድኃኒቱ በሽታውን አቆመው። እግሬን ግን አልመለሰልኝም።»

ሮዛሊያ አባቷ ስለሞተበት ጠዋት ጠየቀቻት። ኔዣ ተኝታ አርፍዳለች፤ እናቷ መቼ ምን እንደሠራች አታውቅም። ስትነሳ ሾርባው ተጥዷል። እናቷ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን አኖረች። ያን ጊዜ ነው አጎቷ ጺሪል እየሮጠ የገባው።

«አባትሽ ምሳውን ጫካ ነው የሚበላው?»

«ኧረ የለም። ሁልጊዜ ቤት ነው። እናቴ ትኩስ ካልሆነ አይበላልኝም ትላለች።»

ሮዛሊያ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ልጅቷ የተናገረችው ነገር ምን ትርጉም እንዳለው አላወቀችም።

ጺሪል ሜርሃር ግቢው በር ላይ ትራክተሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ያላገባ ሰው ነው። መንደርተኛው አስቀድሞ እንደፈረደበት ያውቃል። ባለፉት ቀናት ከወንድሙ ጋር ሲጯጯኹ ያልሰማ የለም። ሉድቪክ ቢች የሚባሉትን ያረጁ ዛፎች ሊቆርጥ ስለፈለገና እሱ ስላልፈቀደ ነው ብለው ሁሉም ያወራሉ፤ እሱም እንደዚያው ነው አለ። ሮዛሊያ ግን ሲናገር ዓይኑ ከዓይኗ ሸሽቶ ወደ ቤቱ መስኮት ሲሄድ አየች። ደረት ኪሱ ላይ ግንድ ላይ ምልክት የሚደረግበት፣ ዝናብ የማያጥበው ሰማያዊ እርሳስ ተሰክቷል።

«ወንድሜን አልገደልኩትም» አለ። «ሌላ የምነግርሽ የለኝም።»

«የማትነግረኝ ግን አለ?»

ጺሪል ፊቱን አዙሮ የትራክተሩን ጎማ ይነካካ ጀመር።

በማግስቱ የአስከሬን መርማሪው ደወለ። ሉድቪክ አልተመታም፤ አልታነቀም። የግንባሩ ቁስል ከውድቀቱ የመጣ ነው። ማሩን አልቀመሰውም፤ በሆዱ ውስጥ መርዝ የለም። የሞተው ልቡ ቆሞ ነው፤ የልቡ ሥጋም ተቆጥቷል፣ በተለይ የልብ ምት ትእዛዝ በሚያልፍበት መንገድ ላይ። ከዚያ መርማሪው በትከሻዎቹ መሐል ያየውን ነገራት። ገበታ ሳህን የሚያህል ቀይ ክብ አለ። በዙሪያው ሁለት መስመር ተሰምሯል፣ አንዱ ከሌላው ውጭ፣ ዝናብ በማያጥበው ሰማያዊ ቀለም። የውስጠኛው በረጋ እጅ የተሰመረ ነው። የውጭኛው እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው የተሰመረ ይመስላል። መቅላቱ ሁለቱንም አልፎ ወጥቷል።

ሮዛሊያ ስልኩን እንደያዘች እጇን ወደ ጀርባዋ ላከች። በትከሻዎቿ መሐል ያለው ቦታ ላይ ጣቷ አልደረሰም።

ዶክተር ማሩሻ ሼጋ የሰባት መንደር ሐኪም ናት። ከሕመምተኞቿ መሐል መዥገር ያልነከሰው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። የሉድቪክን የምርመራ ውጤት ስትሰማ ወንበሯ ላይ ወደቀች። ከዚያ ራሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው መዥገር ስለሚያስተላልፈው፣ ‹ላይም› ስለሚባለው በሽታ አወራች፤ ማውራቱ ከማልቀስ ያዳናት ይመስላል።

መዥገሯ ስትነክስ አይታወቅም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ከንክሻው ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ይወጣል፤ የማይወጣበትም ሰው አለ። አያምም። ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ከተያዘ የሁለት ሳምንት እንክብል ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ካልተያዘ በደም ይሄዳል። የአንዱን ፊት ያጣምማል። የሌላውን ጉልበት ከወራት በኋላ እንደ ዳቦ ያሳብጠዋል። እንደ ኔዣ ያለችውን ነርቯን ይጎዳታል።

«ጥቂቶቹን ደግሞ ልባቸውን ይይዛቸዋል» አለች። «እሱ ወራት አይጠብቅም። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደው ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቆረጣል። ሰውየው ያዞረዋል፤ ይወድቃል፤ ይነሳል። አንድ ቀን ወድቆ ይቀራል።»

«ሆስፒታል ቢደርስ ኖሮስ?»

«መድኃኒቱን በደም ሥሩ ይሰጡታል። ምቱን የሚያግዝ መሣሪያ ለጊዜው ያስገቡለታል። አብዛኛው ሰው በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ልቡ ይመለስለታል። ኢንስፔክተር፣ ይህ ሰው መሞት አልነበረበትም።»

እንክብሉን ራሷ እንደጻፈችለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደውላ እንደጠየቀችው ነገረቻት። ሁሉንም ውጫለሁ፣ ክቡም ጠፍቷል፣ እንደ ወይፈን ነኝ ብሎ ስቆባታል። መስመር አስምረሽበት ነበር ወይ ስትባል አላሰመርኩም አለች።

«ያ መድኃኒት ምን ዓይነት ነው? እንክብሉ ሲከፈት?»

«ዱቄት ነው። ቢጫ።»

የላቦራቶሪው መልስ በዚያው ቀን መጣ። ሮዛሊያ መኪናዋ ውስጥ ሆና ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። እንክብሏ ውስጥ የተገኘው የስንዴ ዱቄት ነው። ማሩ ውስጥ የተገኘው ቢጫ ነገር ደግሞ መርዝ አልነበረም፤ የሉድቪክ መድኃኒት ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ሰውየውን ሊረዳው የሚችል ነገር ቢኖር ብልቃጡ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ በኋላ ነው የደረሰው።

ማሩ የተገዛው ከሽማግሌው ካዚሚር ነው፤ ግማሹ መንደር ከእሳቸው ነው የሚገዛው። ካዚሚር ቀፎዎቻቸው መሐል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ለመዥገር የሚሆን ቅባት ስለሚሸጡና የሐኪም መድኃኒት ስለማይወዱ፣ ሮዛሊያን ሲያዩ ልታስራቸው የመጣች መስሏቸው ነበር።

«ልጄ፣ ቅባቴ ሰው አይገድልም» አሉ። «ሰው አያድንም ብትይኝ ግን አልከራከርሽም።»

ሉድቪክ ከመሞቱ ዐሥር ቀን ገደማ አስቀድሞ ጀርባዬን ይቀቡልኝ ብሎ መጥቶ ነበር። መስመር አይተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ያን ጊዜ አልነበረም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ነገር ግን ጠየቀኝ። ‹እቤት ክቡ እየጠፋ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?› አለኝ። ምን ልበለው? ‹የኔ ልጅ፣ የሲኒ ማስቀመጫ አክሏል› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ሸሚዙን ለበሰ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ከዚያ አመሰገነኝ። እንደዚያ አድርጎ አመስግኖኝ አያውቅም።»

በሦስተኛው ቀን ሮዛሊያ ሁሉንም የሜርሃር ወጥ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቲልካና ኔዣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጺሪል በሩን ተደግፎ ቆመ። ካዚሚር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዶክተር ማሩሻ ምድጃው አጠገብ ነበረች። ማንም ማንንም አያይም። ሮዛሊያ አልተቀመጠችም።

ሉድቪክን የገደለው በሽታ መሆኑን በመጀመሪያ ነገረቻቸው። ካዚሚር በእፎይታ ተነፈሱ። ሮዛሊያ ግን ቀጠለች። በሽታው ሊያልፍ የሚችል ነበር፤ በሩን የከፈተለት ሰው አለ። የሉድቪክን እንክብሎች አንድ በአንድ ከፍቶ ቢጫውን ዱቄት ያወጣ፣ በምትኩ የስንዴ ዱቄት የሞላ ሰው አለ። ሟቹ አንዷን ደርሶባት መሐረቡ ውስጥ አስቀምጧታል።

«ይህን ያደረገው ሰው መድኃኒቱን አልጣለውም» አለች። «ማሩ ውስጥ ያገኘነው እሱ ነው። እንክብሎቹን የፈታቸው ካልሆነ በቀር ያን ዱቄት ሊኖረው የሚችል የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን የከለከለውና በስተመጨረሻ ሊሰጠው ይዞ የመጣው አንድ ሰው ነው።»

ጺሪል ከበሩ ቀና አለ። ሮዛሊያ በእጇ አቆመችው።

ያ ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ ሉድቪክ ሞቶ አገኘው። ገለበጠው፤ ዓይኑን ከደነለት፤ እጆቹን አጣመረለት። የሚጠላውን ሰው የሚቀብር እንዲህ አያደርግም። ብልቃጡን አስቀመጠና ሰው ሳይጠራ ሄደ። ጺሪል ቢሆን ኖሮ ሰው ሊጠራ አይሮጥም ነበር፤ ብልቃጡንም አንስቶ በሰወረው። አቶ ካዚሚር ቢሆኑ ኖሮ ክቡ መስፋቱን ለሟቹ አይነግሩትም ነበር። ሌላ ሰው ነው ክቡ እየጠፋ ነው እያለ የዋሸው፣ ራሱ ግን በሰማያዊ እርሳስ እያሰመረ መስፋቱን የሚከታተል። ሉድቪክ ራሱ ሊያየው የማይችለው ቦታ ላይ። ልብሱን ሲያወልቅ አብሮት ያለ ሰው።

«እቤት ይሉኛል ነው ያለው» አለች ሮዛሊያ። «እቤት ያላችሁት ሁለት ናችሁ።»

ኔዣ ወደ እናቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ገና ምንም አልነበረም፤ ሐሳቡ አልደረሳትም።

«ጫካው ድረስ ያለው አቀበት ለስላሳ አፈር ነው። የከዘራ ምልክት ፈለግሁ፤ አንድም የለም። ከዚያ ደግሞ ሾርባው አለ። በየቀኑ ምሳውን ቤት ለሚበላ ሰው፣ ጺሪል መርዶውን ሳያመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ብቻ ተቀመጠ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቲልካ፣ ሦስተኛውን ሳህን ያላወጡት እንደማይመጣ ስላወቁ ነው።»

ቲልካ እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ መዳፎቿን አየች። ስትናገርም ለሮዛሊያ ሳይሆን ለዶክተር ማሩሻ ነበር።

«እኔ የማውቀው የኔዣን በሽታ ነው» አለች። «ቀስ ብሎ የሚሄደውን። ክረምት ሙሉ የፈጀውን። እሱንም አንድ ሌሊት እንዲያመው ፈለግሁ። አንድ ሌሊት። ‹ቲልካ፣ ጀርባዬን› ሲለኝ፣ ‹ለሥራ ሰንፈህ ነው፣ ተነስ› ልለው ነበር። እሷን እንዳላት። ከዚያ መድኃኒቱን ልሰጠው። ልብ እንደሚይዝ ማንም አልነገረኝም።»

ዶክተር ማሩሻ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ቢጫውን ዱቄት የኔዣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ክቡ ሲሰፋ ፈራሁ። ሲተኛ በራሱ የግንድ እርሳስ አሰመርኩበት። ከዚህ ካለፈ እሰጠዋለሁ አልኩ። አለፈ። ሌላ አሰመርኩ። ያን ዕለት ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ወደቀ። ተነሳና ሳቀ። አዳለጠኝ አለ። መሬቱ ደረቅ ነበር። እሱ ወጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን መድኃኒቱን ከመሳቢያው ያወጣሁት ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ይመራል፣ ደግሞም ምንድን ነው ይለኛል ብዬ በማር በጠበጥኩት። ኢንስፔክተር፣ እየሮጥኩ ነበር የሄድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ስደርስ ቀዝቅዟል።»

በሩ አጠገብ የነበረው ጺሪል ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለ። ሮዛሊያ ድገመው አለችው።

«ያውቅ ነበር» አለ። «ሉድቪክ ያውቅ ነበር።»

ቲልካ ቀና አለች።

ጺሪል ወደ እሷ ሳያይ ተናገረ። እሑድ ዕለት ድርቆሽ ሲገለብጡ ወንድሙ እንክብሏን አውጥቶ አሳይቶታል፤ ቲልካ ዱቄት ነው የምታጎርሰኝ ብሎ ስቋል። አሁኑኑ ወደ ሐኪም እንሂድ ቢለው እምቢ አለ። ሲያዞረው በዓይኑ እያየ፣ ግንድ ይዞ ሲቆም እያየ ለመነው፤ ሰደበው፤ ኮሌታውን ይዞ ጎተተው። መንደርተኛው ስለ ቢች ዛፎቹ የመሰለው ጭቅጭቅ እሱ ነበር። ሉድቪክ ለማንም እንዳይናገር አስምሎታል።

«‹ለኔዣ ሳልነሳ ለራሴ ልነሳ ወይ?› አለኝ። ‹ቲልካን አውቃታለሁ። ሲበቃት ራሷ ትሰጠኛለች። እስከዚያ እጠብቃታለሁ› አለ። እኔም ጅሉ ማልኩ። መኪና ውስጥ አስሬ ባስገባው ኖሮ…»

ሮዛሊያ ብዙ ቤቶች ውስጥ ገብታ ብዙ ገዳዮች ላይ ጣቷን ቀስራለች፤ እንደዚህ ግን ደክሟት አያውቅም። ሰውየው የሚስቱን ምሕረት ይጠብቅ ነበር፤ ምሕረቱም በብልቃጥ ሆኖ አቀበቱን እየሮጠ ይመጣለት ነበር።

«ይጠብቀኝ ነበር?» አለች ቲልካ። «እኔን ይጠብቀኝ ነበር?»

ኔዣ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች። እናቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እኔ እኮ ይቅር ብዬው ነበር፣ እማዬ። በፋሲካ። ጓሮ ድረስ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ጨርሰን ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ እግሬ ባነሳሁ ቁጥር ከክፍሉ ትወጪ ነበር። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ቲልካ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ቃል የለውም፤ ረጅምም አልነበረም። ካዚሚር ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ዶክተር ማሩሻ ልትይዛት ተጠጋች፤ ኔዣ ግን ቀደመቻት። ከዘራዋን ጥላ እናቷ ላይ ተደገፈች፤ ማን ማንን ደግፎ እንደቆመ አይለይም ነበር።

ሮዛሊያ ጥቂት ጠበቀች። ፖሊሱ የእጅ ሰንሰለት ይዞ ሲገባ ራሷን ነቅንቃ መለሰችው። ለቲልካ መሄድ እንዳለባቸው፣ ወንጀሉ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ዐቃቤ ሕግ እንደሚወስን፣ ለመተባበሯም እሷ ራሷ እንደምትመሰክር ነገረቻት። ቲልካ የሰማቻት አትመስልም። ካፖርቷን ለበሰችና በሩ ላይ ቆመች።

ኔዣ እስከ መኪናው ድረስ እሸኛታለሁ አለች። ጺሪል ከዘራዋን ከመሬት አንስቶ ሰጣት። ግቢው ጠጠር ነው፤ ለእሷ አይመችም። እናቷ ክንዷን ሰጠቻት፤ ሮዛሊያና ፖሊሱም ከኋላ ተከተሉ። ልጅቷ አንድ እግሯን ታነሳለች፤ ሌላውን ትጎትታለች፤ ትቆማለች። ሁሉም አብረዋት ይቆማሉ። መኪናው ቅርብ ነበር። እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ከመሐላቸው ግን የቸኮለ አልነበረም።